ከአዲስ አበባ እስከ ጠበላ፦ ረጅሙን መንገድ ከልጆች ጋር በጨዋታ

የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዳማና ከሌሎች ከተሞች ወደ ወላይታ የሚያመሩ መንገዶች በመንገደኛ ይሞላሉ። የሚጓዘው አዋቂ ብቻ አይደለም። በየመኪናው የኋላ መቀመጫ፣ በየአውቶቡሱ ወንበርና በእናቶች ጭን ላይ ልጆች አሉ። አዋቂው ወደ ተወለደበት ቀዬና ወደ ዘመድ አዝማዱ እየተመለሰ ነውና ርቀቱ አይከብደውም። ከተማ ተወልዶ ላደገው ልጅ ግን መንገዱ ማለቂያ ያለው አይመስልም። ገና አለም ገናን ሳያልፉ “መቼ ነው የምንደርሰው?” የሚለው ጥያቄ ይጀምራል።

ጥያቄው ምክንያት አለው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ዞሮ በሃላባና በቦዲቲ የሚገባው መንገድ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። መድረሻቸው ሁምቦ የሆነ ቤተሰቦች ሶዶ ከደረሱ በኋላም ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደ ጠበላ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራቸዋል። ይህን ሁሉ ሰዓት አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ መጠበቅ ከተፈጥሮው ጋር መጣላት ነው።

ጉዳዩ የልጅ መሰላቸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊታለፍ በተቻለ ነበር። የተሰላቸ ልጅ ግን ከታናሹ ጋር ይጣላል፤ የደኅንነት ቀበቶውን ይፈታል፤ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ይቆማል፤ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። አሽከርካሪው አባት ወይም እናት ለመገላገል ወደ ኋላ ዞር ይላሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከ33 ሜትር በላይ ይሄዳል። አሽከርካሪው “ተው አንተ!” ብሎ እስኪመለስ ድረስ መኪናው ያን ሁሉ ርቀት የተጓዘው መንገዱን የሚያይለት ሰው ሳይኖር ነው። በገበያ ቀን በወላይታ መንገዶች ላይ የተጓዘ ሰው 33 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው፣ ስንት አህያና ስንት ከብት ሊኖር እንደሚችል ያውቃል።

ስልኩ ለምን አይበቃም?

ብዙ ቤተሰብ መፍትሔ አድርጎ የያዘው ስልክ ነው። ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁም ለግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ወይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ወይም ልጁ ያስመልሰዋል።

ማስመለሱ የምግቡ ጥፋት ብቻ አይደለም። በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ አካል አለ። መኪናው ሲታጠፍ፣ ሲፈጥንና ሲቆም ይህ አካል እንቅስቃሴውን ወዲያው ለአእምሮ ያሳውቃል። በስልክ ላይ የተተከለው ዓይን ግን ከፊቱ የቆመ ነገር ስለሚያይ “እንቅስቃሴ የለም” የሚል ተቃራኒ መልእክት ይልካል። ሁለቱ መልእክቶች ሲጋጩ ማቅለሽለሽ ይከተላል። መጽሐፍ ማንበብም ያው ነው። ከሁለት ዓመት ዕድሜ በኋላ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ በዚህ ይቸገራሉ። መንገዱ ኮረብታ ለኮረብታ ሲጠማዘዝ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ሆዱ የሚረበሽ ልጅ የሚሻለው መስኮት ገርበብ ተደርጎለት ራቅ ያለ ተራራ ወይም አድማስ ሲመለከት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለመኪና የሚስማማውን ጨዋታ መለየት እንችላለን። አፍና ጆሮ የሚሠሩበት፣ ዓይን ወደ ውጭ የሚያይበት፣ እጅ ምንም የማይዝበት መሆን አለበት። ስለዚህ ገበጣን የመሰለ ድንቅ ጨዋታ እንኳ ለመኪና አይሆንም። ጠጠሩ ይበተናል፤ ተንከባሎ ከፍሬን መርገጫው ሥር የገባ ጠጠር ወይም የውኃ ጠርሙስ ደግሞ የሚያስከትለውን ለመገመት አያስቸግርም። ገበጣው ምሳ የሚበላበት ቦታ እስኪደረስ ይቆይ። የቀሩት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ምንም ገንዘብ የማይጠይቁና አያቶቻችን የሚያውቋቸው ናቸው።

“አገር ስጠኝ”

ለመንገድ ተብሎ የተፈጠረ የሚመስል ጨዋታ ቢኖር እንቆቅልሽ ነው። በምሽት ከምድጃ ዳር እንጂ በመኪና ውስጥ የተወለደ ባይሆንም የአጨዋወቱ ሥርዓት ከጉዞ ጋር እጅግ ይስማማል። ጠያቂው “እንቆቅልህ!” ይላል፤ ተጠያቂው “ምን አውቅልህ?” ብሎ ይቀበላል። መልሱን ካወቀ ተራው የእሱ ይሆናል። ካላወቀ ግን ጠያቂው “አገር ስጠኝ” ይለዋል። ተሸናፊው አንድ አገር ይሰጣል። ጠያቂው ካልወደደው “አልፈልግም፣ ሌላ ስጠኝ” የማለት መብት አለው። ሲስማማ ያን አገር ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ እንዴት እንደተከበረ ይተርካል፤ ለተሸናፊው የተረፈውንም እያሾፈ ይነግረዋል፤ በመጨረሻም መልሱን ይገልጣል።

በምሽት ጨዋታ የሚሰጠው አገር በሐሳብ ያለ ነው። በጉዞ ላይ ግን አገሩ ከፊት አለ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደረስበታል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከቤተሰቡ ጋር ሲጓዝ የለመደው አጨዋወት በዚህ ላይ አንድ ደንብ ይጨምራል፦ የሚሰጠው ከተማ መኪናው ገና ያላለፈው መሆን አለበት። ቡታጅራን ካለፍን ቡታጅራን መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ ከፊቱ ያሉትን ከተሞች ቅደም ተከተል ማወቅ ይገደዳል። ወራቤን አንዱ ወስዶታል፤ ሆሳዕናም ተይዟል፤ የቀረው አረካና ሶዶ ነው። መኪናው ወደ ከተማው ሲገባ ባለቤቱ “አገሬ ደረስኩ” ይላል፤ እስከሚቀጥለው ከተማም የመስኮት ዳር ወንበር የእሱ ይሆናል፤ የወንበር ቅያሬው የሚደረገው ግን መኪናው በቆመ ጊዜ ብቻ ነው። “መቼ ነው የምንደርሰው?” ሲል የነበረው ልጅ “አረካ ስንት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል?” ወደ ማለት ሲሸጋገር ማየት ያስደስታል።

ሁለተኛው ደንብ ትርክቱን ይመለከታል። “ገብቼ በላሁ፣ ጠጣሁ” የሚባለው ነገር በአካባቢው በእርግጥ የሚገኝ መሆን አለበት። ሃላባን የወሰደ በርበሬ ይጭናል፤ ባቱን የወሰደ የዝዋይ ሐይቅን ዓሣ ይበላል፤ መቂን የወሰደ ከቲማቲምና ከሽንኩርቱ ይሸምታል፤ ሶዶን ያገኘ ቁርጡን በዳጣ ያጣጥማል፤ ወደ አርባ ምንጭ ለሚቀጥሉት ደግሞ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ አለ። ጢያን የወሰደ ልጅ ምን እንደሚበላ ቢቸገር አያስደንቅም። በቡታጅራ መንገድ ላይ ያለችው ጢያ የምትታወቀው 36 ትክል ድንጋዮች በሚገኙበትና በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ስፍራዋ ነው። “ጢያ ገብቼ ድንጋይ ቆጠርኩ” ያለ ልጅ አጋጥሞናል፤ ተፈቅዶለታል።

እንቆቅልሹን ከመንገዱ መፍጠርም ይቻላል። ለልጆች የታወቀውን ከመጠየቅ አዲስ እንዲያወጡ መተው ጨዋታውን ያረዝመዋል። ለመነሻ ያህል፦ “እኛ ስንሄድ ወደ ኋላ የሚሮጥ፣ ስንቆም አብሮን የሚቆም” ቢባል መልሱ የመንገድ ዳር ዛፍ ነው። “በበጋ ልጅ ይሻገረዋል፣ በክረምት ጎልማሳ ይለምነዋል” ሲባል ወንዝ ነው። “በቁመቷ ምሰሶ፣ በቅጠሏ ምንጣፍ፣ በሆዷ ምግብ” የተባለችው እንሰት ናት። የመጨረሻዋን የአዲስ አበባ ልጅ ላያውቃት ይችላል። መልሷ ግን ከቡታጅራ መንገድ ጀምሮ በየጓሮው ቆማለችና ወደ ውጭ እንዲመለከት ብቻ መንገር ይበቃል።

ከከተማ ወደ ከተማ

ሁለተኛው የቃል ጨዋታ ቀላል ነው። አንዱ የቦታ ስም ይጠራል፤ ቀጣዩ በስሙ የመጨረሻ ፊደል የሚጀምር ሌላ ቦታ ያመጣል። የእኛ ፊደል ሰባት ድምፅ ስላለው ደንቡ “በዚያው ፊደል ቤት” ቢባል ይመቻል። ሁምቦ ከተባለ “ቦ” የ“በ” ቤት ነውና ቦዲቲ ይከተላል። ከቦዲቲ ተርጫ፣ ከተርጫ ጭሮ፣ ከጭሮ ሮቤ፣ ከሮቤ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ራያ፣ ከራያ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ላሊበላ። ከሁምቦ ተነሥተን በስምንት እርምጃ ዳውሮን፣ ሐረርጌን፣ ባሌን፣ ጉራጌን፣ ቦረናንና ላስታን ዳሰስን። አባት ወይም እናት ስለ እያንዳንዱ ቦታ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው፤ ባይናገሩም ጨዋታው ይሄዳል።

ብልጥ ልጅ ተቀናቃኙን የሚያጠምድበት መንገድም ቶሎ ይገባዋል። ጨንቻን መጥራት አንዱ ነው። በ“ቸ” ቤት የሚጀምር የቦታ ስም ጥቂት ስለሆነ ብዙው ተጫዋች እዚያ ላይ ይቆማል፤ የጉራጌዋን ቸሃ የሚያስታውስ ግን ያመልጣል። የቦታ ስም ለሚከብዳቸው ትንንሽ ልጆች እንስሳና ምግብም ይፈቀድላቸው። ሕጉን ለታናሽ ማላላት ታላቁን የሚያስቆጣ ቢሆንም።

ዓይን ወደ ውጭ

የቃል ጨዋታ ሲሰለች የማየት ጨዋታ ይተካዋል። በለመድነው የተሽከርካሪ ሰሌዳ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈችው ቁጥር የተሽከርካሪውን አገልግሎት ትናገራለች፦ 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት ነው። ቀለማቸውም ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ነው። “አአ”፣ “ኦሮ” እና “ኢት” የሚሉት ፊደላት ደግሞ ሰሌዳው ከየት እንደተሰጠ ያመለክታሉ። ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ኮድ ይዘው እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ሊቆጥሩ ይችላሉ። አብዛኛው የጭነት መኪና ኮድ 3 መሆኑን የደረሰበት ልጅ ያለ ጥርጥር ኮድ 3ን ይመርጣል። ስለዚህ ኮዱ በዕጣ ይታደል።

በግራና በቀኝ ተከፍሎ መቁጠርም አለ። በግራ መስኮት ያለው የግራውን አህያ፣ በቀኝ ያለው የቀኙን ይቆጥራል። ጋሪ ሁለት ነጥብ፣ ባጃጅ ግማሽ ነጥብ ቢያዝ ክርክሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። በሻሸመኔ በኩል ለሚመጡት በሃላባ አካባቢ ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጠ ጎጆ ቤቶች ይታያሉ፤ በየግድግዳው ላይ ምን እንደተሣለ ቀድሞ የተናገረ ነጥብ ያገኛል።

ለገበሬ ቤተሰብ ከሁሉ የሚስማማው ግን የሰብል ጨዋታ ይመስላል። ማሳው ላይ ያለው ጤፍ ነው ወይስ ስንዴ? ማሽላው ከበቆሎው በምን ይለያል? እንሰቱ የጀመረው የት ላይ ነው? መንገዱ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ ከጓሮው የጠፋው፣ በምትኩ የመጣውስ ምንድን ነው? በዚህ ጨዋታ የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ይልቃል። ከሶዶ የአጎቱን ልጅ ጭኖ የሚመለስ ቤተሰብ ይህን ቶሎ ያስተውላል። በታብሌት ጨዋታ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ልጅ በመስኮት ጨዋታ አስተማሪ ይሆናል።

ከፍ ላሉት ልጆች የኪሎ ሜትር ግምት አለ። ልጁ ዓይኑን ይጨፍንና አንድ ኪሎ ሜትር አልፏል ብሎ ሲያስብ “አሁን!” ይላል። ከፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ፣ አሽከርካሪው አይደለም፣ ከመኪናው ቆጣሪ ያረጋግጣል። ጥቂት ጊዜ ከተለማመዱ በኋላ ርቀቱን አሳምረው የሚገምቱ ልጆች አሉ። ሆዱ የሚረበሽ ልጅ ግን ዓይኑን ገልጦ ይጫወት።

አያት ቤት ሲደረስ

አብዛኛው ከተሜ የወላይታ ቤተሰብ የማይናገረው፣ ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር የሚያሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። ልጁ አማርኛ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራል፤ ወላይትኛ ግን አይሰማም። አያት በር ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉት እሱ ወደ እናቱ ዞሮ “ምን አሉ?” ይላል። እናትየው በመካከል ቆማ ታስተረጉማለች። የበዓሉ ሳምንት በዚህ ሁኔታ ያልፍና መመለሻው ይደርሳል።

ቋንቋ በአንድ መንገድ አይለመድም። ሆኖም ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ፣ ማንም ወደ ሥራው ወይም ወደ ስብሰባው ሳይነሣ ይህን ያህል ሰዓት አብሮ የሚያሳልፍበት ሌላ ቀን በዓመት ውስጥ ማግኘት ያዳግታል። ስለዚህ ከአረካ ወይም ከቦዲቲ ጀምሮ ያለው መንገድ የወላይትኛ ቢሆን መልካም ነው። አጨዋወቱ፦ አባት ወይም እናት ቃሉን ይናገራሉ፤ ልጁ ነገሩን ከመስኮቱ ውጭ ፈልጎ ያሳያል። ሚዛ ሲባል ላም፣ ሀሬ ሲባል አህያ፣ ሚታ ሲባል ዛፍ፣ ኬታ ሲባል ቤት፣ ሀታ ሲባል ውኃ። ከዚያ ቁጥሩ ይቀጥላል፦ ኢሲ፣ ናኡ፣ ሄዙ፣ ኦይዱ፣ ኢቻሹ። ታሙ፣ ማለትም አሥር፣ ላይ የደረሰ ልጅ የቀኙን መንገድ አህዮች በወላይትኛ ይቆጥራል። ሰላምታው “ሳሮ” ነው፤ ትርጉሙም ሰላም።

የኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ እነዚህን ቃላት ከወረቀት ከማንበብ ከሚናገረው ሰው አፍ መስማት ይሻላል። በሁምቦ የሚማረው የአጎት ልጅ ወላይትኛን በላቲን ፊደል እንደሚጽፍ ለከተማው ልጅ አስቀድሞ መንገርም ይጠቅማል። ሁለቱ ልጆች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ሁሉም መኪና የለውም

እስካሁን የተባለው የራስ መኪና ላለው ብቻ የሚሆን እንዳይመስል። አብዛኛው የአካባቢያችን ሰው የሚጓዘው በሚኒባስና በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። እዚያ የደከመ ሰው ይተኛል፣ የታመመም ይኖራል፤ ጮክ ብሎ “አገር ስጠኝ!” ማለት አይቻልም። በሹክሹክታ የሚጠየቅ እንቆቅልሽ ግን ማንንም አይረብሽም፤ እንዲያውም ሹክሹክታው ራሱ ለልጆች ያስደስታቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አዛውንት ለጥቂት ጊዜ ሰምተው ዞር ይሉና “ልጄ፣ የኔን መልስልኝ እስቲ” ይላሉ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ያርፋል።

ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ሲኖር የመዳፍና የጣት ቆጠራ ጨዋታ፣ የእንስሳትን ድምፅ ማስመሰልና “ማን ቀድሞ በሬ አየ?” ከበቂ በላይ ናቸው። ሕፃኑን ለማጫወት ብሎ በመስኮት ማቆም ግን አይገባም። ታቅፈነዋል የሚለው እምነትም በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ አይሠራም፤ በግጭት ጊዜ የሚፈጠረውን ኃይል የማንም ክንድ አይችለውም። የደኅንነት ቀበቶና የልጅ መቀመጫ ባለበት መኪና ሁሉ ከጨዋታው በፊት የሚቀድሙት እነሱ ናቸው።

አሽከርካሪው አይጫወትም

አንድ የማይላላ ደንብ አለ። አሽከርካሪው ዳኛ አይሆንም፣ ነጥብ አይቆጥርም፣ “አባዬ እየው፣ እየው!” አይባልም። እንቆቅልሽ መስማት ይችላል፤ መልሱ ከመጣለትም ይናገር። የማየት ጨዋታ ግን አይመለከተውም። የፉክክር ጨዋታ አሽከርካሪውን “ያንን መኪና ቅደመው” ወደ ማለት የሚያመራ ከሆነ ወዲያው መቆም አለበት።

ለአሽከርካሪው የተሰጠው ሥልጣን “ዝም!” የሚለው ቃል ነው። ወደ ከተማ ሲገባ፣ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ፣ ዝናብ ሲበረታ፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ ከባድ መኪና ለማለፍ ሲዘጋጅ “ዝም!” ይላል። ሁሉም ጨዋታ ያኔ ይቆማል። “ቀጥሉ” እስኪባል ድረስ ድምፅ ያላሰማ ልጅ ሁሉ አንድ ነጥብ ያገኛል። ይህ ቅጣት ሳይሆን ራሱን የቻለ ጨዋታ ተደርጎ ከመነሻው ከተነገራቸው ልጆች በደስታ ይቀበሉታል፤ አንዳንዶቹ “አባዬ፣ ዝም በለን እንጂ” ብለው ይለምናሉ።

በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መቆምም ከጨዋታው ክፍል ይቆጠር። ከመንገዱ ራቅ ባለ ቦታ ሰኞ ማክሰኞ አሥር ደቂቃ መዝለል፣ ገበጣውን አውጥቶ አንድ ዙር መጫወት፣ ውኃ መጠጣት ይበቃል። የሚበላው ቀለል ያለ ይሁን። ጠግቦ የተሳፈረ ልጅ የሚያስከትለውን የመኪናው ባለቤት ያውቀዋል።

ከሶዶ በኋላ

ዳሞታ ተራራ ከኋላ ሲቀርና መንገዱ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ሲያመራ ልጆች ደክሟቸዋል። እንቆቅልሹም አልቋል፤ ሰሌዳውም አሰልችቷል። ለዚህ የመጨረሻ ክፍል የሚሆነው “እዚህ ቦታ ምን ነበር?” የሚባለው ጨዋታ ነው። ልጁ በእጁ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል፤ አዋቂው በልጅነቱ እዚያ ምን እንደነበረ ይናገራል። አዋቂው እውነቱን ወይም አንድ ፈጠራ ሊናገር ይችላል፤ ልጁ የትኛው እንደሆነ ይለያል።

በሁምቦ ይህ ጨዋታ ልዩ ነገር ይገጥመዋል። በአካባቢው ዛሬ በደን ተሸፍኖ የሚታየው ተራራ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ የተራቆተ ነበር። ጎርፉ ከራቁቱ ተራራ እየወረደ የታችኛውን ማሳ ይጎዳ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ማኅበረሰብ ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት ከልሎ መጠበቅ ጀመረ። ሥራው በዋናነት ችግኝ መትከል አልነበረም። የተቆረጡት ዛፎች ሥርና ጉቶ ከመሬት ሥር ሕያው ስለነበር ከብት እንዳይገባና ሰው እንዳይቆርጥ ተደርጎ፣ ከሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ጠንካራው ተመርጦ ሌላው ተገርዞ ደኑ እንዲመለስ ተደረገ። ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ፕሮጀክቱ በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ በአፍሪካ ለዚህ ዓይነቱ ትልቅ የደን ሥራ ፈር ቀዳጅ ሆነ፤ ደኑ ለሚይዘው ካርቦንም በዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ በኩል ክፍያ ተገኘለት።

አባት ይህን ሁሉ መዘርዘር አይጠበቅበትም። “እኔ የአንተን ዕድሜ ሳለሁ ያ ተራራ ድንጋይ ብቻ ነበር” ይበል። ልጁ ተራራውን ያያል፤ ዛፉን ያያል፤ “ውሸት!” ይላል። ነጥቡ የአባት ነው።

ባለፈው ጊዜ ጠበላ ስንደርስ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ትንሹ ልጅ ከመኪናው ወርዶ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወደ አያቱ ሮጠ። “ሳሮ!” አለ፤ አያት ሳቁ፤ አቅፈውም መለሱለት። ከዚያ ልጁ መንገድ ላይ የፈጠረውን እንቆቅልሽ ጠየቃቸው፤ አያት ወዲያው መለሱት። በተራቸውም አንድ ጠየቁት። አሰበ፣ አሰበና መልሱን አጣው።

“እንግዲያ አገር ስጠኝ” አሉት።

ያለፋቸውን ከተሞች መስጠት እንደማይፈቀድ ያውቃልና ከፊቱ የቀረውን ብቸኛ አገር ሰጠ፦ “ሁምቦን።”

አያት እራሳቸውን ነቀነቁ። “እሷማ የኔ ናት፤ ሌላ ስጠኝ” አሉት።